አዲስ የሪል እስቴት ኤጀንት ለምትሆኑ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጤና ይስጥልኝ። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ቤት ሳሻሽጥ 11 ዓመት ሆነኝ። ሰሞኑን ፈተና ሊወስዱ የተዘጋጁና ፈቃድ ገና ያወጡ ብዙ ወገኖች ጥያቄ ልከውልኛል። ስማችሁን ትቼ፣ የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። የምናገረው ስለ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን ደንብ አጣሩ።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ለማውጣት ከየት ልጀምር? ስንትስ ያስወጣል?

መልስ፦ በሦስቱም ቦታ የሚጠየቀው የ60 ሰዓት ትምህርት ነው። ኦንላይን መማር ይቻላል። ከዚያ ፈተና አለ። አንዱ ክፍል አገር አቀፉን፣ ሌላው የስቴቱን ሕግ ይጠይቃል። ሜሪላንድ ውስጥ ለማለፍ 70 በመቶ ያስፈልጋል። ማለፍ ብቻውን ግን ሥራ አያስጀምርም። በአንድ ብሮከር (ኤጀንቶችን በስሩ በሚያሠራ ባለ ፈቃድ) ስር መግባት አለባችሁ።

ቨርጂኒያ የምትጀምሩ አሻራ ትሰጣላችሁ። በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ደግሞ ተጨማሪ 30 ሰዓት መማር ግዴታ ነው። ይህን ረስተው ፈቃዳቸው ሥራ ያቆመባቸው ልጆች አውቃለሁ። ካላንደራችሁ ላይ ዛሬውኑ ጻፉት።

ወጪው ኮርሱን፣ ፈተናውን፣ ፈቃዱን፣ የሪልተሮች ማኅበር አባልነቱንና የብራይት ኤምኤልኤስን ክፍያ ይጨምራል። ብራይት ማለት በእኛ አካባቢ ለሽያጭ የወጡ ቤቶች የሚመዘገቡበት ሥርዓት ነው። ሁሉንም ደምራችሁ ወደ 2,000 ዶላር ያዙ።

ጥያቄ፦ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። ሥራዬን ለቅቄ ሙሉ ጊዜዬን ልስጠው ወይስ ጎን ለጎን ላስኪደው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የስድስት ወር ወጪ ባንክ ውስጥ ከሌለህ ሥራህን አትልቀቅ። ለምን እንደምል ሂሳቡን አብረን እንሥራው።

የ450,000 ዶላር ቤት አገዛህ እንበል። የአንተ ወገን ኮሚሽን 2.5 በመቶ ከሆነ 11,250 ዶላር ነው። ይህ ምሳሌ ነው። ኮሚሽን በሕግ የተወሰነ አይደለም፣ በድርድር ነው። ብሮከርህ 30 በመቶ የሚወስድ ከሆነ 3,375 ዶላር ይሄዳል። የቀረህ 7,875 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ያ ገንዘብ ገና ታክስ አልተቆረጠበትም። አንተ ተቀጣሪ አይደለህም፤ በ1099 (ግብር ሳይቆረጥለት በግሉ ለሚሠራ ሰው በሚሰጠው ቅጽ) ነው የምትሠራው። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ብቻ 15.3 በመቶ ትከፍላለህ። የገቢ ግብሩ ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ቼኩ በገባ ቀን ሲሶውን ሌላ አካውንት ውስጥ አስቀምጥ። የምትበላው 5,250 ዶላር ነው ማለት ነው።

ጊዜውንም አስብ። ደንበኛ ማግኘት፣ ብድሩን ማስፈቀድ፣ ቤት መፈለግ፣ ከዚያ ደግሞ ውል ከተፈረመ በኋላ እስከ ክሎዚንግ (የመጨረሻው ፊርማና ርክክብ) ከ30 እስከ 45 ቀን። ከጀመርክ በአራትና በስድስት ወር መካከል የመጀመሪያ ቼክህን ካየህ ጥሩ ሄደሃል።

እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ ታክሱን ሳላስቀምጥ ቀርቼ ኤፕሪል ላይ በክሬዲት ካርድ ከፍያለሁ። ያንን ዕዳ ለመጨረስ 14 ወር ፈጀብኝ። ግብሩ በዓመት አራት ጊዜ ይከፈላል፦ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15። ማይልህንም ከመጀመሪያው ቀን ጻፍ። በ2025 አይአርኤስ (የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ) ለአንድ ማይል 70 ሳንቲም ተቀናሽ ይፈቅድ ነበር። በዚያ ሂሳብ ቤት ለማሳየት 10,000 ማይል ከነዳህ 7,000 ዶላር ከገቢህ ላይ ይቀነሳል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 58 ነው። 22 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። እንግሊዝኛዬ የመንገድ ነው። ይህ ሥራ ለእኔ ይሆናል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ይሆናል። ከኮሎምቢያ ፓይክ እስከ ጆርጂያ አቬኑ ያለውን መንገድ፣ የትኛው ሰፈር ጠዋት እንደሚጨናነቅ፣ የትኛው ሕንፃ መኪና ማቆሚያ እንደሌለው እርስዎ ያውቃሉ። ይህንን ከኮርስ ማንም አያገኘውም። ከሰው ጋር መነጋገርም ለእርስዎ አዲስ አይደለም።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ግን የሚያስቸግረው ቃላቱ ናቸው። ጥቂት መቶ ናቸው። ደብተር ይግዙ። በግራ የእንግሊዝኛውን፣ በቀኝ በአማርኛ ምን እንደሆነ ይጻፉ። ሊን፣ ኢዝመንት፣ ኤስክሮ፣ ኮንቲንጀንሲ። በቀን አሥር ቃል በቂ ነው።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። ቃል ሲተረጉሙ የአገር ቤቱ ሕግ አብሮ እንዳይመጣ። ለምሳሌ ኧርነስት መኒን ሁላችንም "ቀብድ" እንለዋለን። ደንበኛው ወዲያው ይገባዋል። ችግሩ በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የሰጠው ከፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። እዚህ እንደዚያ አይደለም። ገንዘቡን የሚይዘው ሻጩ ሳይሆን ታይትል ካምፓኒው (የባለቤትነት ሰነዱን የሚያጣራው ድርጅት) ወይም ብሮከሩ ነው። እጥፍ የሚባልም ነገር የለም። ገዢው በውሉ በተሰጠው ቀን ውስጥ በኢንስፔክሽን (በቤት ፍተሻ) ወይም በብድር ምክንያት ከወጣ ሙሉውን ይመለስለታል። ቀኑ ካለፈ ሊያጣው ይችላል። አንድ አባት "ሻጩ ከፈረሰ እጥፍ ይሰጠኛል" ብለው ሲከራከሩኝ ነው ይህ የገባኝ። "ቀብድ" ያልኳቸው እኔው ነበርኩ።

ጥያቄ፦ 27 ዓመቴ ነው። ፈቃድ ካወጣሁ ሦስት ወር ሆነኝ። አንድም ደንበኛ የለኝም። ቤተ ክርስቲያን ካርድ ማደል ያሳፍረኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ማፈርሽ ትክክል ነው። ካርድ አታድዪ። ልቅሶ ቤት ደግሞ ጨርሶ አታውጪው። ኀዘን ላይ ተቀምጦ "ቤት ልግዛ ካልክ ደውልልኝ" የተባለ ሰው ያንን አይረሳም። የእኛ ማኅበረሰብ ትንሽ ነው፤ ሁሉም ይተዋወቃል።

በኪራይ ጀምሪ። ክፍያው ትንሽ ስለሆነ ብዙ ኤጀንት ይንቀዋል። ነገር ግን አዲስ የመጣ ቤተሰብ፣ ከዘመድ ቤዝመንት መውጣት የሚፈልጉ ባልና ሚስት፣ መጀመሪያ የሚፈልጉት የሚከራዩት ቤት ነው። ውሉን ስታስፈርሚ የሚያልቅበትን ቀን ጻፊ። ከማለቁ አምስት ወር በፊት ደውይ። "ቤት ግዙ" አትበይ። "ክሬዲታችሁ እንዴት ሆነ? ታክስ አስገባችሁ?" ብለሽ ጠይቂ። እኔ በሦስተኛው ዓመቴ ካሻሻጥኳቸው ዘጠኝ ቤቶች አምስቱ የቀድሞ ተከራዮቼ ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ ማስተማር ነው። የማኅበር ወይም የእድር ስብሰባ ሲኖር 20 ደቂቃ ለምኚ። ስለ ቤት ሳይሆን ስለ ክሬዲት ስኮር ብቻ ተናገሪ። ኤፍኤችኤ (ለቤት ብድር ዋስትና የሚሰጠው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) 580 ስኮር ላለው ሰው በ3.5 በመቶ ዳውን ፔይመንት (ቅድመ ክፍያ) ለሚወሰድ ብድር ዋስትና እንደሚሰጥ ንገሪያቸው። 20 በመቶ ካልያዙ ቤት መግዛት የማይቻል የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኪራይ የከፈሉ እናቶች "ይህንን ማንም አልነገረኝም" ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔን በዚህ ሥራ ያቆየኝ ያ ነው።

ጥያቄ፦ ደንበኛዬ የ30,000 ዶላር እቁብ ወጣላትና ባንክ አስገባችው። ሎን ኦፊሰሩ (ብድሩን የሚያዘጋጀው ሠራተኛ) ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ካልታወቀ አልቀበልም አለ። አንድ ጓደኛዬ "የወንድሟ ስጦታ ነው ብላ ታስፈርም" አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ፣ የጓደኛህን ምክር አትስማ። ስጦታ ያልሆነውን ስጦታ ብሎ መፈረም በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። አንተም እሷም ወንድሟም ትጠየቃላችሁ። እንዳይታወቅ ተብሎ ጥሬ ገንዘብን ከ10,000 በታች እየከፋፈሉ ማስገባትም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ይህንን ለደንበኞቻችሁ ቀድማችሁ ንገሩ።

ሁለተኛ፣ ደስ የሚለውን ልንገርህ። እቁብ በብድር ደንብ ውስጥ አለ። ስሙ እቁብ አይባልም እንጂ ፋኒ ሜ (ከአበዳሪዎች ብድር የሚገዛው ድርጅት) በጋራ የሚቆጠብ የማኅበረሰብ ገንዘብ ለዳውን ፔይመንት እንዲውል ይፈቅዳል። ኤፍኤችኤም የግል የቁጠባ ክበብ የሚለው ክፍል አለው። የሚፈለገው ማስረጃ ነው፦ ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ሰው የጽሑፍ ማረጋገጫ፣ ደንበኛዋ በየጊዜው መክፈሏን የሚያሳይ ሰነድ፣ የእቁቡ መዝገብ። ብዙ ሎን ኦፊሰር ይህንን አያውቅም። "አይሆንም" ካለህ "ደንቡን ፈልግልኝ" በለው።

ከዓመታት በፊት ፎልስ ቸርች አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ። በወር 1,500 ዶላር፣ 20 ሰው። የእቁቡ ጸሐፊ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ናቸው። ቡና አፍልተው ጠሩን። ጠረጴዛው ላይ የተማሪ ደብተር አወጡ። በግራ የሃያው ሰው ስም በአማርኛ ተጽፏል፤ ከጎኑ በየወሩ ሰማያዊ የእስክሪብቶ ምልክት። ዕጣ የወጣለት ሰው ስም ላይ ቀይ ክብ። አንድም ስርዝ የለበትም። ሁለቱን ገጽ ፎቶ አንስቼ በሕጋዊ ተርጓሚ አስተረጎምነው። ሴትዮዋ ደብዳቤ ፈረሙ። ደንበኛዋ ደግሞ ወርሃዊውን ሁልጊዜ በዜል ስለምትልክ የባንክ ወረቀቷ ከደብተሩ ጋር ወር በወር ገጠመ። ብድሩ ጸደቀ። በጥሬ ገንዘብ ትከፍል ቢሆን ኖሮ ያ ቤት ባልተገዛ ነበር።

የምትጠነቀቅበት ነገር አለ። ዕጣው የወጣለት ሰው ገና የሚከፍለው ወር ካለ፣ ያ ወርሃዊ ክፍያ እንደ ዕዳ ይቆጠርበታል። የእኔ ደንበኛ 19ኛዋ ስለነበረች አንድ ወር ብቻ ቀርቷት ነበር። እሱን ከፍላ ጨረሰች። በሦስተኛው ወር ወጥቶላት ቢሆን 1,500 ዶላሩ የምትበደረውን መጠን በጣም ያወርደው ነበር።

ለሌሎቻችሁም፦ አበዳሪው አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ወር የባንክ ወረቀት ነው የሚያየው። ቤት የሚያስብ ሰው ፍራሽ ስር ያለውን ገንዘብ ዛሬ ባንክ ያስገባ።

ጥያቄ፦ ደንበኛዬ ኡበር ይነዳል። በዓመት ወደ 90,000 ያገኛል። ባንክ ግን "ገቢህ አይበቃም" አለው። እንዴት?

መልስ፦ ታክሱን እዩት። 90,000 አግኝቶ ወጪውን ሁሉ ቀንሶ 28,000 ብሎ አስገብቶ ይሆናል። አበዳሪው የሚያየው የተጣራውን ነው፤ ያውም የሁለት ዓመቱን አማካይ። ታክስ ላይ የተደሰተበት ቅናሽ ብድር ላይ ይመጣበታል። ሾፌር ደንበኛ ካላችሁ ቤት ከመፈለጋችሁ ሁለት ዓመት በፊት ይህንን ንገሩት። ውሸት ጻፍ አትበሉት። የሚቀንሰው እያንዳንዱ ነገር ምን እንደሚያስከፍለው ይወቅ፤ ከታክስ ሠራተኛው ጋር ይመካከር።

አንድ የማይታወቅ ነገር ደግሞ አለ። በማይል ከሚቀነሰው ውስጥ የተወሰነው የመኪና እርጅና ነው። ያንን ክፍል አበዳሪው መልሶ ገቢ ላይ ይደምርለታል። በ2024 ለአንድ ማይል 30 ሳንቲም ነበር። 40,000 ማይል የነዳ ሰው 12,000 ዶላር ይመለስለታል ማለት ነው። ይህንን የሚያውቅ ሎን ኦፊሰር ፈልጉና አጥብቃችሁ ያዙት።

ወረቀቱንም ጠይቁ። ከሜይ 25፣ 2025 ጀምሮ ኤፍኤችኤ ግሪን ካርድ ለሌለውና በሥራ ፈቃድ ብቻ ላለ ሰው የብድር ዋስትና አይሰጥም። ኮንቬንሽናል ብድር (የመንግሥት ዋስትና የሌለው) ሌላ ደንብ ስላለው በር አልተዘጋም። ግን ሰውየውን ሦስት ቅዳሜ ቤት ካሳያችሁት በኋላ ይህን ብትነግሩት ልቡን ትሰብራላችሁ። ወለድ የማይፈልግ ሙስሊም ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ በሬስተን፣ ቨርጂኒያ ያለው ጋይዳንስ ሬዚደንሻል በጋራ ባለቤትነት መልክ እንደሚያስገዛ ንገሩት። "እምነቴ አይፈቅድም" ብሎ የተወ ሰው ስንት አለ።

ጥያቄ፦ አክስቴን ቤት ላሳያት ስል "ፈርሚ" አልኳት። ተቀየመች። ለዘመድም ማስፈረም ግዴታ ነው?

መልስ፦ ግዴታ ነው። ከኦገስት 17፣ 2024 ጀምሮ፣ ከብሔራዊው የሪልተሮች ማኅበር የፍርድ ቤት ስምምነት በኋላ፣ ገዢ ይዘሽ ቤት ከማሳየትሽ በፊት የጽሑፍ ውል መፈረም አለበት። ውሉ ክፍያሽን በግልጽ ቁጥር መጻፍ አለበት። ኮሚሽን በድርድር መሆኑንም መናገር አለበት። ለአክስትም፣ ለእናትም ያው ነው። ኦፕን ሃውስ (ቤቱ ለማንም ጎብኚ ክፍት የሚሆንበት ሰዓት) ላይ ራሱ የገባ ጎብኚ ብቻ መፈረም አይጠበቅበትም።

ቅያሜው የመጣው ከፊርማው ሳይሆን ከሰዓቱ ይመስለኛል። ሰው በር ላይ ቆሞ ወረቀት ሲቀርብለት ይደነግጣል። "አላመንሽኝም እንዴ?" ይላል። እኔ ሁለት ቀን ቀድሜ እልክላቸዋለሁ። ከዚያ ስልክ ደውዬ አንድ በአንድ በአማርኛ አስረዳለሁ። የመጀመሪያውን ውል አጭር አደርገዋለሁ፤ አንዳንዴ ለአንድ ቤት ብቻ። "ካልተስማማን እዚያው ያበቃል" እላለሁ። አክስትሽ ቡና ስታፈላ ሂጂና እንደገና አስረጃት። "ወረቀቱ አንቺንም ይጠብቅሻል፤ ከዚህ በላይ ልጠይቅሽ አልችልም" በያት። እውነትም እንደዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ደንበኛ ለላከልኝ ሰው 300 ዶላር ብሰጥ ምን አለበት? አገር ቤት ለጠቆመ ድርሻ አለው። አንድ ሎን ኦፊሰር ደግሞ ለላክሁለት ሰው ሁሉ 500 እሰጥሃለሁ ብሎኛል።

መልስ፦ ሁለቱንም እንቢ በል። አገር ቤት ደላላ ለጠቆመው ሰው ማካፈሉ ወግ ነው፤ ማንም አይከፋበትም። እዚህ ግን ፈቃድ ለሌለው ሰው ከኮሚሽን መክፈል ክልክል ነው። ፈቃድ ላለው ኤጀንት በብሮከሮቻችሁ በኩል ማካፈል ይቻላል። ለላከልህ ሰው ማድረግ የምትችለውን ብሮከርህን ጠይቅ። እኔ ደውዬ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ልጁ ሲመረቅ እገኛለሁ።

የሎን ኦፊሰሩ የባሰ ነው። ሬስፓ የሚባለው የፌዴራል ሕግ ለብድር፣ ለታይትልና ለመሰል አገልግሎት ደንበኛ በመላክ ገንዘብ መቀበልን ይከለክላል። ቅጣቱ እስራትም አለበት። ደግሞስ ለምን 500 ይሰጥሃል? ያንን ገንዘብ ከደንበኛህ ነው የሚያወጣው። ሰውየው ስላመነህ ነው እዚያ የሄደው።

ጥያቄ፦ ደንበኛዬ "ሀበሻ የሚበዛበት ሰፈር ፈልግልኝ" ትላለች። ሌላው ደግሞ "ለሀበሻ ብቻ" ብዬ ቤዝመንቱን እንዳስተዋውቅለት ይፈልጋል።

መልስ፦ በ1968 የወጣው የፌር ሃውሲንግ ሕግ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ አገር ሰውን መለየት ይከለክላል። በኋላ ጾታ፣ አካል ጉዳትና ልጅ ያለው ቤተሰብ ተጨምረዋል። ኤጀንት ሆኖ ሰውን በዘሩ ወደ አንድ ሰፈር መምራት ጥፋት ነው፤ በበጎ ሐሳብም ቢሆን። ለሴትየዋ እንዲህ በላት፦ "እኔ ሰፈር በሕዝቡ ልመርጥልሽ አልችልም። የምትሄጂበትን ቤተ ክርስቲያን፣ ሥራሽን፣ እናትሽ ያሉበትን አድራሻ ስጪኝ። ከእነዚያ በ15 ደቂቃ ርቀት እፈልጋለሁ።" ያ የእሷ ምርጫ ነው፤ ትክክል ነው።

"ለሀበሻ ብቻ" የሚለውን ማስታወቂያ በስምህ አታውጣ። ሰውየው እዚያው ቤት የሚኖር ቢሆንም እንኳ ማስታወቂያው አይፈቀድለትም። ፌስቡክ ላይ በየቀኑ እናየዋለን። ሌላው ስላደረገው ያንተን ፈቃድ አያድንልህም። እኛ ራሳችን አፓርታማ ስንጠይቅ አነጋገራችን ተሰምቶ "አሁን ተከራየ" የተባልን ሰዎች ነን።

ጥያቄ፦ ብሮከር እንዴት ልምረጥ? ከኮሚሽኑ 90 በመቶ ልስጥህ የሚሉ አሉ።

መልስ፦ ከምንም 90 በመቶ ምንም ነው። በመጀመሪያው ዓመት የምትፈልገው ማታ 3 ሰዓት ላይ ውል ስትጽፍ ስልክ የሚያነሳልህ ሰው ነው። ስትጠይቅ "የመጀመሪያዎቹን ሦስት ውሎቼን ማን ያይልኛል?" በል። ስም ከጠሩልህ ጥሩ። ወርሃዊ ክፍያ፣ ኢንሹራንስ፣ ብሮከሩ በዓመት ከአንተ የሚወስደው ጣሪያ ካለው በጽሑፍ ያሳዩህ።

ጥያቄ፦ ዘመድ ሁሉ "ኮሚሽንህን ቀንስልኝ" ይላል።

መልስ፦ ከፈለግህ መቀነስ መብትህ ነው። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ለደንበኛህ እንድትመልስለት ይፈቅዳሉ፤ ግን በብሮከርህ በኩል፣ በክሎዚንግ ወረቀቱ ላይ ታይቶ፣ አበዳሪው አውቆት ነው። ከእጅ ወደ እጅ አይሆንም። እኔ ለአንድ ዘመድ የቀነስኩትን ለሌላውም እቀንሳለሁ። በሠርግ ላይ ይነጋገራሉ።

ጥያቄ፦ እስካሁን የሚቆጭህ ሥራ አለ?

መልስ፦ አለ። ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ውድብሪጅ ውስጥ በ1988 የተሠራ ታውንሃውስ። ገዢዎቹ የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ ባልና ሚስት ነበሩ። ስድስት ሰው ይሻማል። ሁለት ቤት ከእጃቸው አምልጧቸዋል። "ኢንስፔክሽኑን እንተወው?" አሉኝ። እኔም ቤቱ እንዳያመልጣቸው ብዬ "እሺ" አልኩ። አሸነፉ። ተቃቀፍን።

በጃንዋሪ እሁድ ጠዋት ሚስትየው ደወለች። ከመኝታ ቤቱ ስር ያለው ጣሪያ ውሃ ይዞ ወርዷል። ቤታቸው ስደርስ የቧንቧ ሠራተኛው ግድግዳውን ከፍቶ ግራጫ የፕላስቲክ ቱቦ ይዞ ቆሟል። ፖሊቢዩቲሊን ይባላል። ከ1978 እስከ 1995 በተሠሩ ቤቶች ውስጥ ገብቷል። ከጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል። የውሃ ማሞቂያው አጠገብ ወጥቶ ይታይ ነበር። ቤቱን ሳሳያቸው አጠገቡ ቆሜ ስለ መደርደሪያው እያወራሁ ነበር። የሕፃኑ አልጋ ሳሎን ተቀምጦ አባትየው በፎጣ ውሃ ይመጥጣል። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ያ ነው የከበደኝ።

ቨርጂኒያ ውስጥ ሻጭ ስለ ቤቱ ጉድለት የሚናገረው ጥቂት ነው። አጣርቶ መግዛት የገዢው ኃላፊነት ነው። ስለዚህ ኢንስፔክሽን ይቅር የሚል ደንበኛ ሲመጣ አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ዋጋ ከማቅረባችን በፊት ኢንስፔክተሩን ይዤ ለአንድ ሰዓት እገባለሁ፤ ሻጩ ከፈቀደ። ካልፈቀደ የውሃ ማሞቂያውን፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን፣ ጣሪያውን ራሴ አያለሁ። እሳት ያስነሳል ተብሎ የሚፈራውን ፌዴራል ፓሲፊክ የሚል የኤሌክትሪክ ሳጥን ካየሁ ለደንበኛው ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ኮንዶ ከሆነ ደግሞ የሕንፃው ባለቤቶች ማኅበር ሰነድ አነባለሁ። በቨርጂኒያ ገዢው ሰነዱ ከደረሰው በኋላ ውሉን የሚያፈርስበት ሦስት ቀን አለው። ያ ሦስት ቀን ሳይነበብ እንዳያልፍ። አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች ያሉት የቆዩ ሕንፃዎች ዋጋቸው ይማርካል። ወርሃዊው የኮንዶ ክፍያ ግን አንዳንዴ ከብድሩ ግማሽ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ የመጀመሪያ ደንበኛዬን ቤት ላሳይ ነው። ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ። ከሰውየው ጋር አስቀድመሽ ካልተዋወቃችሁ መጀመሪያ ቢሮ ወይም ቡና ቤት ተገናኙ። ባዶ ቤት ለብቻሽ ከማታውቂው ሰው ጋር አትግቢ። የት እንዳለሽ ለአንድ ሰው ንገሪ። የተፈረመው ውልና የብድር ማረጋገጫው እጅሽ ላይ ይሁን። ከሦስት ቤት በላይ አትያዢ፤ አራተኛው ላይ ሁሉም ይምታታባቸዋል።

20 ደቂቃ ቀድመሽ ድረሺ። የቁልፍ ሳጥኑን ክፈቺና ሞክሪው፤ በብርድ ጊዜ እንቢ ይላል። መብራቱን ሁሉ አብሪ። የውሃ ማሞቂያው የት እንዳለ እይ። ደንበኛሽ ሲገባ ዝም በይ። ይዞር። ስታወሪ የሚያየውን ታሳጪዋለሽ። ካርድሽን የቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተዪ። ስትወጪ ደግሞ የኋላውን በር ሁለት ጊዜ እይው። ልጆች ካሉ ሁልጊዜ እሱን ነው የሚከፍቱት።